ስለ ወታደር ልጆችና ስለ ራዲዮ

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ከዚህ በታች የምገልጸው አሳብ ለብዙ ሰው የሚጠቅም ስለ መሰለኝ በአንባቢያን ዓምድ ላይ እንዲወጣልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

እኔ የወታደር ልጅ ነኝ። የወታደር ልጅ «አገርህ የት ነው?» ቢሉት የአባቱን የዝውውር ደብዳቤዎች ከመቍጠር በቀር ሌላ መልስ የለውም። እኔም ሐረር ተወልጄ፣ ያደግሁት ግን በአዋሽና በሚኤሶ መካከል ባለችው በቦርደዴ ነው። አባቴ በ1974 ዓ.ም. በቀይ ኮከብ ዘመቻ ወደ ኤርትራ ሲሄድ፣ እናቴ እኛን ይዛ በዚያ በመንገድ ሥራ ይተዳደር ከነበረው ወንድሟ ዘንድ ተጠጋች። ያን ጊዜ የዐሥር ዓመት ልጅ ነበርሁ።

የቦርደዴን ቆላ የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል። ቀን ሙቀቱ ሰውን ከጥላ ሥር አያስወጣውም። ማታ ግን ነፋስ ሲነፍስ ጎረቤት ሁሉ ከደጅ ሰሌን አንጥፎ ይቀመጣል። በቤታችን መብራት ስላልነበረ ደስታችን ሁሉ አባቴ ትቶልን የሄደው በድንጋይ የሚሠራ ራዲዮ ነበር። ኦሮሞው፣ አማራው፣ ሶማሌው ጎረቤት በዙሪያው ይሰበሰባል፤ ቋንቋው ያልገባው ከገባው ይጠይቃል። የጥላሁን ገሠሠ ድምፅ ሲመጣ ግን አስተርጓሚ የሚፈልግ አልነበረም። ኋላም ወጋየሁ ንጋቱ የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በራዲዮ ሲተርክ፣ መጽሐፉን በእጃቸው ነክተው የማያውቁ እናቶች ስለ ሰብለ ወንጌል ሲያለቅሱ አይቻለሁ።

ከሁሉ ይልቅ የምንጠብቀው የዘፈን ምርጫን ነበር። ዘፈኑ ከመሰማቱ በፊት የመራጩ ስምና ሰላምታው ይነበባል። አባቴ በላከልን ደብዳቤ ለዚሁ ፕሮግራም መጻፉንና ማታ ማታ እንድናዳምጥ አስታውቆን ነበር። እናቴም ድንጋዩ እንዳያልቅ ብላ ራዲዮው ቀን እንዳይከፈት ከለከለች። እኔ ግን እሷ ውሃ ስትወርድ ጠብቄ፣ በድብቅ እየከፈትሁ ዘፈን እሰማ ነበር። በዚህ ሁኔታ አንድ ማታ ሁላችንም ተሰብስበን ሳለን የራዲዮው ድምፅ እየደከመ፣ እየደከመ ሄዶ ጸጥ አለ። በማግሥቱ ባለ ሻይ ቤቷ ገና ከደጅ ሳትደርስ «እንኳን ደስ ያለሽ እቴ! ባለቤትሽ ደኅና ነው፤ ትናንት ማታ አንቺንም ልጆችሽንም በየስማችሁ ጠርቶ ሰላም ብሏችኋል» እያለች መጣች።

እናቴ አልተቈጣችኝም። ድንጋዮቹን አውጥታ ፀሐይ ላይ አሰጣቻቸው። ምናልባት ይደገም ይሆናል በማለት ብዙ ማታ ጠበቀች፤ አልተደገመም። አባቴም ከዚያ ዘመቻ አልተመለሰም።

ይህን የማነሣው ኀዘኔን ለማካፈል ብቻ አይደለም። ራዲዮ ለወታደር ቤተ ሰብ ከጨዋታ በላይ መሆኑን ለማስረዳት ነው። ይህንም ሌሎች አገሮች ቀደም ብለው አስበውበታል። አሜሪካኖች አሥመራ በነበረው የቃኘው ጦር ሰፈራቸው፣ በ1969 ዓ.ም. ተዘግቶ እስከ ሄዱ ድረስ፣ ለወታደሮቻቸውና ለቤተ ሰቦቻቸው በገዛ ቋንቋቸው የሚናገር ራዲዮ ነበራቸው። በጀርመን አገር የነበሩትም እንደዚሁ ነበሩ። ያገሬውን ቋንቋ የማያውቅ ልጅ ማታ የራሱን አገር ጨዋታ ይሰማ ነበር። ቃኘው የሚለው ስም ራሱ ከእኛው ከሐረርጌ የወጣ ነው። የልዑል ራስ መኰንን የፈረስ ስም አባ ቃኘው ነበርና፣ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮርያ የዘመተው ጦራችንም በዚሁ ስም ተጠርቷል። የእኛ ወታደር ከኮርያ በኋላ በ1952 ዓ.ም. ወደ ኮንጎ፣ ኋላም ወደ ሩዋንዳ፣ ወደ ላይቤሪያና ወደ አብዬ ሄዷል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ልጆቹ በየመንደሩ ቀርተው ጠብቀውታል።

«ዛሬ በየሰው እጅ ስልክ አለ፤ ራዲዮ ምን ያደርጋል?» የሚለኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። አባት ከልጁ ጋር በስልክ መነጋገር መቻሉ ትልቅ ነገር ነው፤ እኔም ባገኘሁት ኖሮ እላለሁ። ነገር ግን ስልክ አንዱን ከአንዱ ያገናኛል እንጂ ጎረቤትን አይሰበስብም። የእኛን ሰላምታ እኛ ሳንሰማው ባለ ሻይ ቤቷ የሰማችልን መንደሩ በሙሉ አንድ ነገር በአንድ ሰዓት ያዳምጥ ስለ ነበረ ነው። ዛሬ ልጆቻችን በአንድ ቤት ተቀምጠው እያንዳንዱ ጆሮውን ደፍኖ የየራሱን ይሰማል። አንዱ የሰማውን ሌላው ሊነግረው አይችልም።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ በየራዲዮ ጣቢያው ከቀድሞ ዘመን የተረፉት ክሮች ከነቀናቸው ተመዝግበው ይጠበቁ፤ ለጠያቂም እንዲሰሙ ይሁን። ዘፈኑ ብቻ ሳይሆን ከዘፈኑ በፊት የተነበበው ስምም ታሪክ ነው። ሁለተኛ፣ በሳምንት ግማሽ ሰዓት እንኳ ቢሆን፣ በልዩ ልዩ ቋንቋዎቻችን፣ በሩቅ ያሉ ወታደሮች ለቤተ ሰቦቻቸው ሰላምታ የሚልኩበትና ለልጆች ተረት የሚነገርበት ጊዜ ቢመደብ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይመስለኝም። ሦስተኛው የእኛ የመንግሥት ሠራተኞች ነው። በየቤታችን ሣጥን ውስጥ የተቀመጡ ካሴቶችና ደብዳቤዎች አሉን። የድምፁን ባለቤት የሚያውቁት ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ ስሙንና ዓመቱን እንጻፍባቸው። መዝገብ ማደራጀት ሙያችን ሆኖ ሳለ የራሳችንን ቤት መዝገብ መዘንጋታችን አሳፋሪ ነው።

እናቴ ያን ራዲዮ እስክታርፍ ድረስ ከራስጌዋ አላራቀችውም። ዛሬ በእኔ ዘንድ ነው፤ አይናገርም። ነገር ግን ያ ሰላምታ በአንድ ክር ላይ ተርፎ ከሆነ፣ ልጆቼን ሰብስቤ ልሰማው እወዳለሁ። እንደ እኔ የሚጠብቁም ብዙዎች እንደሚኖሩ አልጠራጠርም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የወታደር ልጅ
ከቦርደዴ