ለአባት የሚገዛ ዱላ

ልጃቸውን ለመጠየቅና የልጅ ልጅ ለማሳደግ ወደ አሜሪካ የሚሄዱ ወላጆች ብዙ ናቸው። እናቶች እዚያም ሄደው በአብዛኛው ሥራ አያጡም፤ ሕፃን ያቅፋሉ፣ ወጥ ይሠራሉ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ከተዋወቋቸው እናቶች ጋር በስልክ ይጨዋወታሉ። አባቶች ግን ጠዋት የልጅ ልጃቸውን የትምህርት ቤት አውቶቡስ ላይ ከሸኙ በኋላ ቀኑ ይረዝምባቸዋል። መኪና አይነዱም፣ ቋንቋው ያስቸግራቸዋል፣ እንደ አገር ቤት ብቅ ብለው የሚያወጉት ጎረቤት የለም። መስኮት አጠገብ ተቀምጦ መዋል ደግሞ ጉልበትንም መንፈስንም ይጨርሳል።

አንዳንድ ልጆች ለዚህ መፍትሔ ያደረጉት አባታቸውን ጎልፍ ሜዳ መውሰድ ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ጎልፍ ሩጫና ግፊያ የለውም። የ70 ዓመት አባት፣ የ40 ዓመት ልጅና የ10 ዓመት የልጅ ልጅ በአንድ ሜዳ ላይ አብረው የሚጫወቱት ሌላ ስፖርት ማግኘት ቀላል አይደለም። እየተራመዱ ለማውራት ጊዜ ይሰጣል፤ አባትና ልጅም ፊት ለፊት ተቀምጠው የማያወሩትን ጎን ለጎን ሲሄዱ ያወሩታል።

ችግሩ የሚመጣው ስጦታ ሲገዛ ነው። ልጅ ለአባቱ ልደት ብሎ ራሱ የሚጫወትበትን ዓይነት ወይም ባለሙያዎች በቴሌቪዥን ይዘውት ያየውን ዱላ ይገዛል። አባት ይሞክራሉ፤ ኳሷ ከሣሩ አልነሣ ትላለች። ሁለት ሦስት ቀን ከታገሉ በኋላ «እኔ አርጅቻለሁ፣ እናንተ ተጫወቱ» ብለው መኪና ውስጥ ይቀመጣሉ። ልጅም እንደ እርጅና ይቀበለዋል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የዱላው ነው። ስለዚህ የዛሬው ጽሑፌ ስለ አንድ ዱላ ብቻ ነው፤ «ፌርዌይ ውድ» ስለሚባለው።

በመጀመሪያ ስሙን እንፍታው። «ውድ» የተባለው በእንግሊዝኛ እንጨት ለማለት ነው፤ በአማርኛ ብንረዳውም ዋጋውን ስለሚናገር አንሳሳትም። ድሮ የዱላው ራስ ከፐርሲመን እንጨት ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1979 የተመሠረተው ቴይለርሜድ የብረት ራስ ይዞ ገበያ ከገባ በኋላ ግን እንጨቱ ቀስ በቀስ ቀረ፤ ስሙ ብቻ ተረፈ። «ፌርዌይ» ደግሞ ከመነሻው እስከ ጉድጓዱ አካባቢ ድረስ ሣሩ አጠር ተደርጎ የታጨደው መንገድ ነው። እንግዲህ ይህ ዱላ ኳሷን በቀጥታ ከሣሩ ላይ አንሥቶ ሩቅ ለመላክ የተሠራ ነው። ፈተናውም እዚህ ላይ ነው፤ ለመጀመሪያው ምት ኳሷ ቲ በምትባል ትንሽ እንጨት ላይ ትቀመጣለች፣ ከዚያ በኋላ ግን የምትመታው መሬት ላይ ካረፈችበት ነው።

ጎልፍ ተጫዋቾች አንዳንዱን ዱላ ቻይ፣ አንዳንዱን ቁጡ አድርገው ያዩታል። ቻይ ዱላ ማለት ኳሷን በትክክል መሃሉ ላይ ባያገኟትም ምቱን ብዙ የማያበላሽ ነው። ይህ በምን ይሆናል? አንድ ዘንግ መሃሉን ይዘው በክብደት ይፈትኑት። ክብደቱን ወደ መሃል ቢያስሩት ዘንጉ በቀላሉ ይዞራል። ያንኑ ክብደት ከፍለው ጫፍና ጫፉ ላይ ቢያስሩት ግን ለማዞር ያታግላል። የዱላ ራስም እንደዚሁ ነው። ክብደቱ ወደ ጠርዝና ወደ ኋላ ከተበተነ፣ ኳሷ ከመሃል ወጣ ብላ ስታርፍበት ራሱ ብዙ አይጠመዘዝም፤ ኳሷም ያን ያህል ኃይሏንና አቅጣጫዋን አታጣም።

ይህን ሐሳብ በጎልፍ ዱላ ላይ ካስፋፉት ሰዎች ዋነኛው ኖርዌይ ተወልዶ አሜሪካ ያደገው ካርስተን ሶልሃይም ነው። መሐንዲስ ነበር፤ ጎልፍ የጀመረውም 40 ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። ኳስ ወደ ጉድጓድ ማስገባት ሲያስቸግረው እ.ኤ.አ. በ1959 ክብደቱ ወደ ጫፍና ጫፍ የተከፈለ ዱላ ሠራ፤ ስትመታ በምታሰማው ድምፅም «ፒንግ» አላት። ዘግይቶ የጀመረ ሰው ለራሱ ችግር ያገኘው መላ ዛሬ ለአረጋውያን ሁሉ ተርፏል።

አሁን ወደ ምርጫው እንግባ። መጀመሪያ የሚታየው ቁጥሩ ነው። ፌርዌይ ውድ በቁጥር ይጠራል፤ 3፣ 5፣ 7 እየተባለ ይሄዳል። ቁጥሩ ሲጨምር የዱላው ፊት ወደ ኋላ ያዘነብላል፣ ዘንጉም እያጠረ ይሄዳል። የ3 ቁጥሩ ማዘንበል 15 ዲግሪ አካባቢ፣ የ5ቱ 18፣ የ7ቱ 21 ነው። ፊቱ በጣም ያላዘነበለ ዱላ ኳስን ከመሬት የሚያነሣው ፈጣን ክንድ ሲያገኝ ነው። ክንድ ዘገም ሲል ኳሷ ዝቅ ብላ ወጥታ ቶሎ ትወድቃለች። ስለዚህ በወረቀት ላይ ሩቅ ይልካል የተባለው 3 ቁጥር፣ በአባትዎ እጅ ከ7 ቁጥሩ አጥሮ ሊቀር ይችላል። ለአረጋዊም ለጀማሪም 3 ቁጥርን አልፎ በ5 ወይም በ7 መጀመር ይሻላል። 7 ቁጥር የደካማ ዱላ ነው የሚል ካለ፣ ደስተን ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ2020 የማስተርስን ውድድር ሲያሸንፍ 7 ቁጥር ከረጢቱ ውስጥ እንደነበረ ይንገሩት።

ሁለተኛው የራሱ ቅርጽ ነው። ዱላውን መሬት ላይ አስቀምጠው ከላይ ይመልከቱት። ከፊት ወደ ኋላ ሰፋ ያለ፣ ቁመቱ ግን ዝቅ ያለ ከሆነ ክብደቱ ከኳሷ ሥር ለመግባት ይመቸዋል ማለት ነው። ትንሽና ፊቱ ረጅም የሆነው ለባለሙያ ነው። መሬት ላይ ሲያስቀምጡት ያለ እጅ እገዛ ቀጥ ብሎ የሚቀመጠው ዱላ ለጀማሪ መተማመን ይሰጣል።

ሦስተኛው ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነው፤ የዘንጉ ጥንካሬ። ዘንጉ ላይ ፊደል ተጽፎ ይገኛል። «ኤስ» የሚለውን አይቶ «ሲኒየር» ማለት ነው ብሎ ለአባቱ የሚገዛ አለ። «ኤስ» ግን «ስቲፍ» ነው፤ ደረቅና የማይተጣጠፍ፣ ፈጣን ክንድ ላለው የተሠራ። «አር» መካከለኛው ነው። ለአረጋውያን የሚሆነው በአብዛኛው «ኤ» ወይም «ኤም» ይባላል፤ አንዳንዱም «ሲኒየር» የሚለውን ቃል ሙሉውን ይጽፈዋል። በአምራቾች መካከል አንድ ወጥ መለኪያ ስለሌለ የአንዱ «አር» ከሌላው «ኤ» ጋር ሊቀራረብ ይችላል። ስለዚህ ፊደሉን አንብቦ ብቻ አይበቃም፤ ማስሞከር ያስፈልጋል። ዘንጉ ከብረት ሳይሆን ቀላል ከሆነው ግራፋይት ቢሆን ትከሻና ክርን ያርፋል።

አራተኛው መያዣው ነው። የጣት መገጣጠሚያ ሕመም ላለባቸው ቀጭን መያዣ አጥብቆ መጨበጥን ይጠይቃል። ወፈር ያለ መያዣ ማስቀየር ርካሽ ነው፤ ሱቁ ውስጥ ይሠራል። ለአንዳንድ አባቶች ከዱላው ይልቅ ለውጥ የሚያመጣው ይኼ ነው።

«ሃይብሪድ» የሚባለውስ? ይህ በውድና በአይረን መካከል ያለ ዱላ ነው። ዘንጉ አጠር ስለሚል ለመቆጣጠር ይቀላል፤ ኳሷ ረጅም ሣር ውስጥ ስትገባም ይመረጣል። ከአጭር ሣር ላይ ከፍ አድርጎ መላክና ለስለስ ብሎ ማረፍ ከሆነ የሚፈለገው ግን ለዘገምተኛ ክንድ 7 ቁጥር ውድ ብዙ ጊዜ ይበልጠዋል። ሁለቱንም አስይዞ ማየት ነው።

ስለ ዋጋ፦ የታወቁት አምራቾች አዲስ ሞዴል ከ300 ዶላር በላይ ይጠየቅበታል። ጥቂት ዓመት የቆየው ያገለገለ ሞዴል ግን በግማሽና ከግማሽ በታች ይገኛል፤ ለጀማሪ የሚያስቀርበትም ነገር የለም። ያገለገለ ሲገዙ ፊቱ ላይ ስንጥቅ እንደሌለ ይመልከቱ፣ ነቅነቅ አድርገው ከውስጥ የሚንኳኳ ነገር እንዳለ ያዳምጡ፣ መያዣው ደርቆ እንደሆነ ይዳስሱ። በጣም ርካሽ ሆኖ «አዲስ» የተባለውን ይጠርጥሩ፤ አስመስለው የሚሠሩ አሉ። ተሞክሮ ካልተመቸ የሚመልስ ሱቅ ይምረጡ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ምክር አባትዎን ይዘዋቸው መሄድ ነው። ድንገተኛ ስጦታ ደስ ቢልም ዱላ እንደ ጫማ ነው፤ ባለቤቱ ሳይለካው አይገዛም። በእያንዳንዱ ዱላ አሥር አሥር ኳስ ይምቱበት። ከዚያ ምርጧን ምት ትተው መጥፎዎቹን ይቁጠሩ። ምርጧማ በየትኛውም ዱላ አንዳንዴ ትመጣለች፤ ቻይ ዱላ የሚታወቀው ባልተሳካላቸው ምት ኳሷ የት እንደደረሰች ሲታይ ነው። ሱቅ ውስጥ ያለው ምንጣፍ ዱላው ከኳሷ በፊት መሬት ቢነካም ስለሚያንሸራትተው ያታልላል፤ የሚቻል ከሆነ እውነተኛ ሣር ላይ ይሞክሩት። የሱቁ ሠራተኛ በእንግሊዝኛ ሲያጣድፋቸውም እርስዎ ያስተርጉሙላቸው፤ «ገባኝ» ያሉት ሁሉ ገብቷቸው ላይሆን ይችላል።

አዲስ አበባ ተጫውተው ለሚያውቁ አንድ ነገር ልጨምር። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ኳስ ሩቅ ትበራለች። ዋሽንግተን ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ አትልም። አንድ አባት እዚያ ሄደው ኳሳቸው ቢያጥር ጉልበታቸው ከዳቸው ማለት አይደለም፤ ይህን አስቀድመው ቢያውቁት አይከፉም።

ቻይ ዱላም ቢሆን የማይችለው አለ። ሌላ አቅጣጫ አነጣጥሮ የተመታን ኳስ አይመልስም። የወገብ፣ የልብ ወይም የደም ግፊት ሕመም ካለ ሐኪም ሳይጠየቅ አይጀመርም፤ ሳያፍታቱ መወዝወዝም ወገብ ይጎዳል። አባትዎ ከኋለኛው መነሻ እንዲመቱ አያስገድዷቸው፤ ፊት ያሉት መነሻዎች የተሠሩት ለዚሁ ነው። የልጅ ልጅም በአያቱ ዱላ እንዲማር አይተዉት፤ ይረዝምበታል፣ ይከብደዋልም። ለልጆች በቁመታቸው ልክ የሚሸጥ አለ።

አያቶች ሆይ፣ ለእርስዎም አንድ ቃል አለኝ። ልጅዎ የገዛልዎ ዱላ ካልተመቸዎት ዝም አይበሉ። ስጦታ መንቀፍ ነውር ይመስልዎታል፤ ልጁ ግን ዱላውን የገዛው አብረውት እንዲውሉ ነው። «ይህ ደርቆብኛል፣ ለስለስ ያለ ፈልግልኝ» ማለት ይቻላል።

ዋሽንግተን ከሆኑም ላንግስተን የሚባለውን ሜዳ ይጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ1939 የተከፈተው ጥቁር አሜሪካውያን ከነጮቹ ጋር እንዲጫወቱ በማይፈቀድበት ዘመን ነው፤ ስሙንም ያገኘው ከቨርጂኒያ ለአሜሪካ ምክር ቤት ከተመረጠው ጥቁር አሜሪካዊ ከጆን መርሰር ላንግስተን ነው። የልጅ ልጅዎን ይዘው ሲሄዱ ይህን ይንገሩት። እሱም በእንግሊዝኛ ያለውን ጽሑፍ እያነበበ ያስረዳዎታል።