ሞተሩ ለሦስት አይከፈል!

የዛሬው ጨዋታዬ «ከጓደኞቼ ጋር ቢዝነስ ልንጀምር ነው» ለምትሉ ወጣቶች ነው።

በቀደም ጣርማ በርን ቁልቁል ወርጄ ሸዋ ሮቢት ነበርኩ። የሄድኩት ለሽምግልና ነው። የአክስቴ ልጅና ሁለት አብሮ አደጎቹ ሮቢ ወንዝ ዳር በመስኖ ሽንኩርት ያለማሉ። አንዱ መሬት፣ አንዱ የውሃ ሞተር መግዣ ብር፣ አንዱ ጉልበቱን አዋጣ። ውልስ? «በወንድማማች መሀል ምን ውል ያስፈልጋል!» ተባባሉ።

በመጀመሪያው ዓመት ሽንኩርቱ ዋጋ አወጣ፤ ፍቅር በፍቅር ሆኑ። በሁለተኛው ባለጉልበቱ የውጭ ዕድል መጣለትና «ድርሻዬን ስጡኝ» አለ። ሽንኩርቱ ገና መሬት ውስጥ ነው! ባለብሩ «ለመሆኑ ስንት ብር አዋጣህ?» አለው። ጠቡ ከረረ፤ «ሞተሩ ይሸጥና እንካፈል» ተባለ። «ኧረ ሞተር ለሦስት ቢከፈል ቁርጥራጭ ብረት ነው!» ብዬ ብለምንም ማን ይስማኝ? በበጋ እኩሌታ በርካሽ ተሸጠ፤ ሽንኩርቱ ውሃ ጠምቶት ቀረ። ዛሬ ሦስቱ ሰላም የሚባባሉት ለቅሶ ቤት ሲገናኙ ብቻ ነው።

የሚገርመው፣ እድራችን ለድንኳንና ለወንበር እንኳ የተጻፈ ደንብ አለው። እቁብም ዳኛና ጸሐፊ አለው። እንጀራችን ለሆነው ንግድ ሲሆን ግን ወረቀት ማውጣት ነውር ይመስለናል። ውል የሚጻፈው ስላልተማመኑ አይደለም፤ ፍቅር ሳይቀዘቅዝ መነጋገር ስለሚቀል ነው።

ታዲያ ምን ይጻፍ? መሬቱም ጉልበቱም በብር ተተምኖ የየአንዳንዱ ድርሻ፤ ማን ይወስናል፣ ባንክ ማን ይፈርማል፤ ከትርፉ ስንቱ ይወጣል፣ ስንቱ ተመልሶ ይሠራበታል። ከሁሉ በላይ ግን መውጫው! የሚወጣ ሰው ከስንት ወር በፊት ይናገር? ድርሻውን ማን ይተምን? ቀሪዎቹ ቀድመው ይግዙት? በስንት ጊዜ ይክፈሉት? አንዱ ቢሞት ወራሾቹስ?

ሕጉንም እወቁ። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1243 ስለ ንግድ ማህበራት የ1952ቱን የንግድ ሕግ ተክቷል። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር ከ2 እስከ 50 አባላት ይይዛል፤ ዕዳው ካዋጣችሁት አያልፍም። በኅብረት ሽርክና ግን ዕዳው የግል ንብረታችሁ ድረስ ይመጣል። ስለዚህ የተዘጋጀ ፎርም ሞልታችሁ ብቻ አትፈርሙ፤ ጠበቃ አማክሩ።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። ሳምንት ያገናኘን!