ሰፊ ምስል በጠባብ አቅም፦ አናሞርፊክ አዳፕተር ለመመረቂያ ፊልም ያዋጣልን?

መግቢያ

የመመረቂያ ፊልሙን ለመሥራት የሚሰናዳ ተማሪ ቀድሞ ከሚያነሣቸው ጥያቄዎች አንዱ ምስሉን እንዴት «የሲኒማ መልክ» ሊሰጠው እንደሚችል ነው። ለዚህ ጥያቄ ከጓደኛ ወደ ጓደኛ የሚተላለፈው መልስ አናሞርፊክ አዳፕተር ነው። ይህም በተራ ሌንስ ፊት ተገጥሞ ምስሉን በአግድም የሚጨምቅ ተጨማሪ ሌንስ ነው፤ የተጨመቀው ምስል በአርትዖት ጊዜ ሲዘረጋ ሰፊ ፍሬም ይሰጣል። ሞላላ ሆኖ የሚታየው የጀርባ ብዥታ፣ ከመብራት ተነሥቶ በአግድም የሚዘረጋው የብርሃን ሰረዝ፣ እንዲሁም ከጎን እስከ ጎን የሚሰፋው መስክ ዓይንን ይስባሉ። አሮጌ አዳፕተር ከሆነ ደግሞ ዋጋው ከእውነተኛ የሲኒማ ሌንስ ጋር አይወዳደርም።

እኔም በዚህ መልክ ተስቤ መሣሪያውን ለመመረቂያ ሥራዬ ተጠቅሜበታለሁ። የዚህ ጽሑፍ አቋም ከዚያ ልምድ የመነጨ ነው። አዳፕተሩ ሚረርለስ በሚባሉት መስታወት አልባ ካሜራዎች ላይ ሲገጠም የሚፈጠሩት ችግሮች የባለሙያው ልምድ ማነስ ውጤቶች ብቻ አይደሉም፤ አብዛኞቹ ከመሣሪያው አሠራር ይመነጫሉ። ስለሆነም አዳፕተሩን መምረጥ እንደ መልክ ምርጫ ብቻ ሳይሆን እንደ ጥናት ዘዴ ምርጫ ሊታይ፣ እንደ ማንኛውም የጥናት ዘዴም አስቀድሞ ሊፈተሽ ይገባዋል።

መሣሪያው ከየት መጣ?

አናሞርፊክ ሌንስን ለሲኒማ ያዘጋጀው ፈረንሳዊው የሥነ ብርሃን ሊቅ አንሪ ክሬትየን ነው። ክሬትየን ኢፐርጎናር ብሎ የሰየመውን ሌንስ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ሲሆን፣ ትዌንቲየዝ ሴንቸሪ ፎክስ የተባለው የአሜሪካ ስቱዲዮ በዚሁ ላይ ተመሥርቶ ሲኒማስኮፕ የተሰኘውን ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1953 «ዘ ሮብ» በተባለው ፊልም ለሕዝብ አቀረበ። ዓላማው በቴሌቪዥን የተወሰደውን ተመልካች ወደ አዳራሽ መመለስ ነበር።

እዚህ ላይ ሊስተዋል የሚገባው ሲኒማስኮፕ የተሟላ ሥርዓት ሆኖ መቅረቡ ነው። የ35 ሚሊ ሜትር ፊልሙ ፍሬም ለካሬ የቀረበ ስለነበረ ሁለት እጥፍ የሚጨምቀው ሌንስ በሚገባ ይሞላው ነበር፤ የአዳራሹ ፕሮጀክተር ምስሉን መልሶ ይዘረጋዋል፤ ሸራውም ለዚያ ስፋት ተዘጋጅቷል። በተማሪ እጅ የሚገባው አሮጌ አዳፕተር ግን ብዙ ጊዜ ከዚህ ሰንሰለት ተነጥሎ የወጣ አንድ ቀለበት ነው። ኮዋና ኢስኮ በመሳሰሉ ስሞች ከሚገኙት መካከል ብዙዎቹ ለአዳራሽ ፕሮጀክተር የተሠሩ ናቸው። ፕሮጀክተር ከሸራው ያለው ርቀት አይለወጥም፤ አንድ ጊዜ ይስተካከላል፣ በዚያው ይኖራል። ተዋናይ ግን ይራመዳል።

የፍሬሙ ሒሳብ

የመጀመሪያው ችግር በወረቀት ላይ ሊሰላ የሚችል ነው፤ ሆኖም ብዙዎቻችን አናሰላውም። አብዛኞቹ ሚረርለስ ካሜራዎች ቪዲዮ የሚቀርጹት በ16 ለ9 ምጥጥን ነው፤ በተለመደው የ4ኬ መጠን 3840 በ2160 ፒክስል ማለት ነው። ሁለት እጥፍ የሚጨምቅ አዳፕተር በዚህ ላይ ሲገጠም ተዘርግቶ የሚገኘው ምስል ምጥጥኑ 3.56 ለ1 ይሆናል። ይህ ለማንኛውም ትረካ ከሚገባው በላይ ቀጭን ነው። ወደ ተለመደው 2.39 ለ1 ለመመለስ ግራና ቀኙ መቆረጥ አለበት፤ ያን ጊዜ ከ3840ው የአግድም ፒክስል የሚተርፈው 2581 ያህል፣ ማለትም ከመቶ 67 እጅ ብቻ ይሆናል።

ውጤቱን ከተራ ሌንስ ጋር እናነጻጽር። በተራ ሌንስ የተቀረጸ የ4ኬ ምስል ከላይና ከታች ተቆርጦ ወደ 2.39 ለ1 ቢመጣ 3840 በ1607፣ በጠቅላላው 6.2 ሚሊዮን ገደማ ፒክስል ይቀራል። በአዳፕተሩ የተገኘው 2581 በ2160 ግን 5.6 ሚሊዮን ገደማ ነው። እንግዲህ ይህን ያህል ብርጭቆ ተደራርቦ፣ ይህን ያህል ጊዜ ጠፍቶ የተገኘው ምስል በተመዘገበ ዝርዝር ብዛት መቀስ ብቻ ከነካው ተራ ምስል ያንሳል።

ሒሳቡ የሚስተካከለው ካሜራው በ4 ለ3 ምጥጥን መቅረጽ ሲችል ነው፤ በዚያ ጊዜ ከአግድሙ ስፋት 90 በመቶ ያህሉ ጥቅም ላይ ይውላል። ፓናሶኒክ ለጂኤች4 ካሜራው እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው የሶፍትዌር ማሻሻያ ይህን አማራጭ ጨምሯል፤ ከዚያ ወዲህም ሌሎች ካሜራዎች ተከትለዋል። ካሜራው ይህ አማራጭ ከሌለው በ1.33 እጥፍ የሚጨምቅ አዳፕተር ከ16 ለ9 ጋር ይስማማል፤ ምጥጥኑ 2.37 ስለሚሆን የሚቆረጥ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ነገር ግን ጭመቃው በቀነሰ ቁጥር ተማሪው የፈለገው ሞላላ ብዥታም አብሮ ይቀንሳል።

የፎከስ ፈተና

ሁለተኛው ችግር በወረቀት ላይ አይታይም፤ የሚገለጠው ቀረጻ ላይ ነው። በአሮጌ አዳፕተር ሲሠራ ፎከስ የሚደረገው ሁለት ጊዜ ነው፦ አንድ ጊዜ በዋናው ሌንስ፣ አንድ ጊዜ በአዳፕተሩ። ሁለቱ ካልተስማሙ ምስሉ በተለመደው መንገድ አይደበዝዝም፤ አግድም መስመሮች ጥርት ብለው ቋሚዎቹ ይፈዝዛሉ፣ ወይም በተገላቢጦሽ ይሆናል። በካሜራው ስክሪን ላይ የጠሩ ጠርዞችን በቀለም የሚያሳየው ረዳት ደግሞ ግማሹ ጥርት ያለውን ምስል ሙሉ በሙሉ እንደጠራ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። ስሕተቱ የሚታወቀው ማታ፣ በትልቅ ስክሪን ነው። ፊትንና ዓይንን ለይቶ የሚከተለው ኦቶፎከስ፣ ሚረርለስ ካሜራ ከተገዛባቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ የሆነው፣ በዚህ አሠራር ከጥቅም ውጭ ነው።

ይህን ለማቃለል ከአዳፕተሩ ፊት የሚገጠም ሌላ መሣሪያ አለ። በመካከላቸው ያለው ርቀት የሚለዋወጥ ሁለት ደካማ ሌንሶች ፎከሱን በአንድ ቀለበት እንዲመራ ያደርጋሉ። በርግጥ ይሠራል፤ ነገር ግን ክብደትና ተጨማሪ ብርጭቆ ያመጣል፣ የፍሬሙንም ማዕዘኖች ሊያጠቁር ይችላል።

ቅርብ ርቀት ሌላ ፈተና ነው። ብዙዎቹ የፕሮጀክተር አዳፕተሮች ከአንድ ሜትር ተኩል ገደማ በታች ቀርበው አያጠሩም። መፍትሔው ከፊት የሚታሰር የቅርብ ማንሻ ሌንስ ነው። ባለ ግማሽ ዳዮፕተሩ ሲታሰር ግን ዋናው ሌንስ ወደ መጨረሻው ርቀት ቢዞር እንኳ ጥራቱ የሚያርፈው 2 ሜትር ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ይደበዝዛል። ስለዚህ ከበር ተነሥቶ ወደ ካሜራው የሚመጣን ሰው በአንድ ቀረጻ መከተል አይቻልም። በቀድሞዎቹ የሲኒማስኮፕ ሌንሶች በቅርብ የተነሣ ፊት ወደ ጎን ሰፍቶ ይታይ ስለነበር የሙያው ሰዎች ችግሩን በጆሮ ደግፍ ስም ጠርተውት ነበር፤ ፓናቪዥን የተባለው ድርጅት በ1950ዎቹ መጨረሻ መፍትሔ እስኪያገኝለት ድረስ ተዋንያንን ሲያማርር ቆይቷል። አሮጌ አዳፕተር የገዛ ተማሪ ይህንንም አብሮ ይገዛል።

በዚህ ላይ አንድ ቅራኔ አለ። የምስሉ ጠርዞች እንዲጠሩ የሌንሱን ቀዳዳ ወደ ኤፍ 4 ወይም ከዚያ በላይ ማጥበብ ያስፈልጋል፤ ቀዳዳው ሲጠብ ደግሞ አዳፕተሩ የተገዛለት የጀርባ ብዥታ ይቀንሳል፣ በጠባብና ጨለም ባለ ክፍል ውስጥም ብርሃን ያጥራል።

ሰንሰለቱና ማረጋጊያው

ሚረርለስ ካሜራ አሮጌ ሌንሶችን በቀላሉ የሚቀበለው በሌንሱ መግጠሚያና በሴንሰሩ መካከል ያለው ርቀት አጭር በመሆኑ ነው። በሶኒ ኢ መግጠሚያ ርቀቱ 18 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ኤም42 በተባለው የቀድሞ መግጠሚያ 45.46 ሚሊ ሜትር ነው፤ ልዩነቱን ባዶ ቀለበት ይሞላዋል። በእኔ ሥራ ሰንሰለቱ እንዲህ ነበር፦ ካሜራ፣ ቀለበት፣ 58 ሚሊ ሜትር ሄሊዮስ ሌንስ፣ ማሰሪያ፣ አዳፕተር፣ የቅርብ ማንሻ። እያንዳንዱ መጋጠሚያ ትንሽ ይላላል። አዳፕተሩ በጥቂት ዲግሪ ከቀጥታ መስመር ቢዞር ምስሉ ሲዘረጋ ግድግዳውና የበሩ መቃን ይዘማሉ፤ ይህ ደግሞ በአርትዖት በቀላሉ የሚቃና አይደለም።

በካሜራው ውስጥ ያለው ማረጋጊያም ግራ ይጋባል። ባለ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሁለት እጥፍ በሚጨምቅ አዳፕተር ሲሠራ በቋሚ አቅጣጫ 50፣ በአግድም ግን እንደ 25 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የተለመደው የካሜራ ዝርዝር የሚቀበለው አንድ ቁጥር ነው። 50 ቢሞላለት በአግድም ከሚገባው በላይ ያርማል፣ 25 ቢሞላለት በቋሚ አቅጣጫ ያንሰዋል። ጥቂት አዳዲስ ካሜራዎች ለዚህ የተለየ ማስተካከያ አላቸው፤ በሌሎቹ ላይ የሚሻለው ማረጋጊያውን አጥፍቶ በትራይፖድ መሥራት ነው።

ከሽሮ ሜዳ ያገኘሁት ትምህርት

እነዚህን ሁሉ ጉድለቶች የተረዳሁት በአንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ሽሮ ሜዳ የሚኖሩ አንድ አረጋዊ ሸማኔ በሥራ ቦታቸው ተቀምጠው ሙያውን ስላስተማራቸው ታላቅ ወንድማቸው ይነግሩኝ ነበር። ወሬው እየሞቀ ሲሄድ መወርወሪያውን ይዘው ተነሡ፤ በወንድማቸው እጅ የተለሰነውን ቦታ ሊያሳዩኝ ወደ ካሜራው ቀረቡ። ርቀቱ ከአንድ ሜትር በታች ነበር። ሁለቱን ቀለበቶች ባዞርም አልጠራም። «አባባ፣ ይቅርታ፣ እባክዎ ትንሽ ወደ ኋላ ይመለሱልኝ» አልኳቸው። ተመለሱ። የቅርብ ማንሻውን አስሬ እንደገና እንዲነግሩኝ ስለምናቸው «ነግሬህ የለም እንዴ ልጄ» ብለው በሁለት ዓረፍተ ነገር ቋጩት።

በፊልሙ ውስጥ የቀረው ሁለተኛው ነው። ጥርት ያለ፣ ጀርባው በሞላላ ብዥታ የተዋበ፣ ፍሬሙም ሰፊ ነው። የመጀመሪያው ንግግር ግን በድምፅ ብቻ ተርፏል። ገምጋሚዎቼ የምስሉን ውበት አመስግነዋል፤ እኔ ግን ያንን ትዕይንት ባየሁ ቁጥር የማየው ያጣሁትን ነው። ጥናቴ ስለ ሙያ ውርስ ነበር፤ ውርሱ በተገለጠበት ቅጽበት መሣሪያዬ አልነበረም።

ተቃራኒ ሐሳቦች

ከላይ የቀረበው አቋም ተገቢ ተቃውሞ ሊገጥመው ይችላል። አንደኛው፣ የመሣሪያ ገደብ ፈጠራን ያዳብራል የሚለው ነው። በልቦለድ ፊልም ይህ እውነትነት አለው፤ ተዋናዩ የሚቆምበት ቦታ በወለሉ ላይ ምልክት ተደርጎበት፣ ርቀቱ በሜትር ተለክቶ፣ ልምምድ ተደርጎ በሚቀረጽ ትዕይንት አዝጋሚው አሠራር ጥንቃቄን ያስተምራል። በዘጋቢ ፊልም ግን ገደቡ የሚወድቀው በባለታሪኩ ላይ ነው፤ የእርሱን እንቅስቃሴ ለእኛ ብርጭቆ ማስገዛት ተገቢ አይመስለኝም።

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ መቀስ የነካው ተራ ምስል ያንን መልክ አይሰጥም የሚለው ነው። ይህም ትክክል ነው፤ ሞላላው ብዥታና የመስኩ ስፋት በመቁረጥ አይገኙም። ነገር ግን መልኩ በእርግጥ የሚያስፈልግ ከሆነ ዛሬ ሌላ መንገድ አለ። ሲሩይ እ.ኤ.አ. በ2020 ለሚረርለስ ካሜራዎች ባቀረበው 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ በ1.33 እጥፍ የሚጨምቅና በአንድ ቀለበት ፎከስ የሚደረግ አናሞርፊክ ለአነስተኛ ሠሪዎችም ቀርቧል፤ ከዚያ ወዲህ ተመሳሳዮቹ በዝተዋል። የአሮጌው አዳፕተር የዋጋ ብልጫ በእነዚህ ፊት ጠቧል።

ሌላም ሊጤን የሚገባው ነገር አለ። የመመረቂያ ፊልሞቻችን በአብዛኛው የሚታዩት በስልክ፣ በኮምፒዩተርና በ16 ለ9 ስክሪን ነው። 2.39 ለ1 የሆነ ምስል በእንዲህ ያለ ስክሪን ላይ ከቁመቱ ሩቡን ያህል ለጥቁር ቦታ ይተዋል። ሲኒማስኮፕ ምስሉን ለማስፋት የመጣ ሥርዓት ነበር፤ በእኛ ተመልካች እጅ ግን ያው ቅርጽ ምስሉን ያሳንሰዋል።

ማጠቃለያና አስተያየት

አዳፕተሩ ይከልከል አልልም። የምለው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ በአዳፕተር ለመሥራት ያሰበ ተማሪ ንድፈ ጥናቱን ከማቅረቡ በፊት በራሱ ካሜራ ላይ የአንድ ቀን ሙከራ ያድርግ፤ የፍሬሙን ሒሳብ፣ የመጨረሻውን ቅርብ ርቀትና የማዕዘኖቹን ሁኔታ ጽፎ ያያይዝ። ሁለተኛ፣ ለጋራ መገልገያ የሚገዙ ትምህርት ክፍሎች ከሞላላ ብዥታ በፊት በ4 ለ3 የሚቀርጽ ካሜራና በአንድ ቀለበት የሚመራ ሌንስ ያስቀድሙ። ሦስተኛ፣ በቀረጻ ላይ የጠፋው ነገር በጥናቱ የዘዴ ምዕራፍ ውስጥ ይመዝገብ፤ የተሳካውን ብቻ ስንጽፍ ቀጣዩ ተማሪ ያንኑ ስሕተት በራሱ ባለታሪክ ላይ ይደግመዋል።

እኔ ያንን መዝገብ በጊዜው አልጻፍኩም ነበር። ይህ ጽሑፍ የዘገየው ገጽ ነው።