የመንዝ ባና በጉግል ገበያ

የመንዝ ባና ብርድን በመከላከል የተመሰገነ ዕቃ ነው። ዳሩ ግን የዛሬ ገዥ መሐል ሜዳ ድረስ ወጥቶ ባናውን ከመዳሰሱ በፊት ስልኩን አውጥቶ ጉግልን ይጠይቃል። እዚያ ያልተገኘ ሸማኔ ገበያ እንዳልወጣ ይቆጠራል፤ ትርፉንም በስሙ ቀድሞ የተገኘ ቸርቻሪ ይወስድበታል።

የመጀመሪያው እንቅፋት ፊደል ነው። የከተማይቱን ስም አንዱ «መሐል ሜዳ»፣ ሌላው «መሃል ሜዳ» ብሎ ይጽፋል። «መርሐቤቴ»ም እንዲሁ ነው። ለእኛ ንባቡ አንድ ነው፤ ለኮምፒውተር ግን «ሐ» እና «ሃ» የተለያየ መለያ ቁጥር ያላቸው ፊደላት ናቸው። ስለዚህ ሻጩ በአንዱ አጻጻፍ ይጽና፤ ሌላውን በገጹ ላይ አንድ ጊዜ ይጥቀስ። ባናን የማያውቅ ገዥም አለና «የሱፍ ብርድ ልብስ» የሚለውን ይጨምር።

ሁለተኛው እንቅፋት የደረጃ አሰጣጡ ቀመር መለዋወጥ ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2011 «ፓንዳ» በተባለው ለውጥ ፍሬ ቢስ ገጾችን፣ በ2012 «ፔንጉዊን» በተባለው ደግሞ ሊንክ እየገዙ ደረጃቸውን ያሳደጉትን ወደ ታች አወረደ። በ2024 ለደረጃ ሲባል በጅምላ በሚመረቱ ጽሑፎች ላይ ተነሳ። ዋናዎቹ ተጎጂዎች በአቋራጭ የሄዱት ናቸው።

በእኔ እምነት «አንደኛ አደርግሃለሁ» ለሚል ደላላ የሚከፈል ገንዘብ ኪሳራ ነው። ጉግል ከማስታወቂያ ውጭ ላለው ደረጃ ክፍያ አይቀበልም። የባናውን ሱፍ፣ ስፋት፣ ክብደትና ዋጋ ከስልክ ቁጥሩ ጋር በግልጽ የጻፈ ሻጭ ግን ቀመሩ ቢለዋወጥም ብዙም አይናወጥም።