«እንደ አዲስ አመልክት» የሚሉን እነማን ናቸው?



በዚህ ሰሌዳ ላይ ስለ ቦይ ጠረጋ፣ ስለ ቆሻሻ መድፊያና ስለ ውኃ መቆራረጥ ስንጽፍ መቆየታችን ይታወቃል። ዛሬ የምንጽፈው በፖስታ ታሽጎ ስለሚመጣ ችግር ነው። ይኸውም በሥራ ላይ ሳለ እጁ የተቆረጠ፣ ወገቡ የተሰበረ፣ ዓይኑ የጠፋ፣ ወይም ሕመም ከሥራው ያፈናቀለው ወገናችን የጉዳት ወይም የጤና ጉድለት አበል ጠይቆ «አይገባህም» የሚል ደብዳቤ ሲደርሰው ምን ያድርግ? ይግባኝ ይበል ወይስ እንደ አዲስ ያመልክት? የሚለው ጥያቄ ነው።

ደብዳቤው በደረሰ ማግስት ምክር ይጎርፋል። በቡና ላይ፣ በለቅሶ ድንኳን ውስጥ፣ ማመልከቻ በሚጻፍበት ጠረጴዛ ዙሪያ የሚሰማው ቃል አንድ ነው። «ተወው ወንድሜ፣ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር አትካሰስ፣ ሰዎቹ ይቀየሙሃል። ትንሽ ቆየት በልና እንደ አዲስ አመልክት።» ምክሩ ከቅን ልብ ሊመጣ ይችላል። ቢሆንም ጎጂ ምክር ነውና በጥብቅ እንቃወመዋለን።

አቋማችን ግልጽ ይሁን። እምቢታው ስህተት ከሆነ መንገዱ ይግባኝ ነው። አዲስ ማመልከቻ የሚያስፈልገው አዲስ ነገር ሲኖር ብቻ ነው።

ለመሆኑ በዚያው ማስረጃ፣ በዚያው የሐኪም ወረቀት እንደ አዲስ ማመልከት ማለት ምን ማለት ነው? እምቢ ወዳለው ጠረጴዛ ተመልሶ መሄድ ማለት ነው። ጸሐፊው ያንኑ ማህደር ያወጣል፣ በላዩ ላይ የፊተኛውን ውሳኔ ያገኛል፣ «ቀደም ሲል ውሳኔ ያገኘ ጉዳይ ነው» ብሎ ይመልሳል። ከዚያም የባሰ ነገር አለ። ያልተቃወሙት ውሳኔ ይጸናል። አመልካቹ በስድስት ወሩ ተመልሶ «የፊተኛው ውሳኔ ስህተት ነበር» ቢል፣ «ታዲያ ያኔ ለምን ይግባኝ አላልክም?» ይባላል። ምን ይመልሳል? «ቡና ላይ ተመክሬ ነው» ይበል?

ቀኑም አይጠብቅም። ይግባኝ ማለቂያው በቀን የተቆጠረ ነው፤ ገንዘብ መጠየቂያውም የይርጋ ገደብ አለው። «ቆየት በል» የሚለው መካሪ ግን ስለ ቀን ቆጠራ ሲናገር አልተሰማም። ደብዳቤው በሳጥን ውስጥ ሲያድር ቀኑ አብሮት አያድርም፣ ይሄዳል።

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» እያልን አድገናል። ተረቱን የተረቱት አባቶቻችን በዘመናቸው እውነት ተናግረዋል። ዛሬ ግን ሕጉ ሌላ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 37 ማንኛውም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት ወይም የመዳኘት ሥልጣን ለተሰጠው አካል አቅርቦ ውሳኔ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። ለጡረታና ለጉዳት አበልም ይኸው አካል ተቋቁሟል፤ የማህበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ይባላል። የመንግሥት ሠራተኞችም ሆነ የግል ድርጅት ሠራተኞች የማህበራዊ ዋስትና አስተዳደር በሰጠው ውሳኔ ቅር ያለው ሰው ወደዚያ ይሄዳል። ጉባኤው የሰጠው የመጨረሻ ውሳኔ መሠረታዊ የሕግ ስህተት አለበት የሚል ደግሞ እስከ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ድረስ መዝለቅ ይችላል። ይህ መንገድ የተዘረጋው እንዲኬድበት ነው። በሕግ የተፈቀደ አቤቱታ ያቀረበ ሰው ተሳዳቢም አመፀኛም አይደለም፤ የሚቀየም ሹም ካለ ቅያሜው የራሱ ጉዳይ ነው።

እዚህ ላይ ስለ መቶኛ ጥቂት እንበል፤ ብዙ ሰው የሚጠቃው በእርሷ ነውና። አንድ ሠራተኛ በሥራ ላይ ጉዳት ሲደርስበት የሕክምና ቦርድ ይመረምረውና ጉዳቱን በመቶኛ ይተምናል። አበልም ሆነ የአንድ ጊዜ ዳረጎት ለማግኘት ጉዳቱ ቢያንስ 10 በመቶ መሆን አለበት። 10 በመቶና ከዚያ በላይ ተጎድቶ መሥራት ላልቻለ ሰው በየወሩ የሚከፈል የጉዳት ጡረታ አበል አለ፤ መሥራት ለሚችለው ዳረጎት አለ። 9 በመቶ ከተባለ ግን ምንም የለም። አሁን ደግሞ ሂሳቡን ተመልከቱ። በ2003 ዓ.ም. በወጡት አዋጅ ቁጥር 714 እና 715 ላይ በሰፈረው ስሌት ዳረጎቱ የወር ደመወዙ 47 በመቶ፣ በ60 ወር ተባዝቶ፣ እንደገና በጉዳቱ መቶኛ ይባዛል። 6,000 ብር ደመወዝ ያለው ሰው 10 በመቶ ቢባል 16,920 ብር ይሆናል። 20 በመቶ ቢባል 33,840 ብር ይደርሳል። በ9 በመቶ ዜሮ! አንዲት ነጥብ በብዕር ስትጨመርና ስትቀነስ የአንድ ቤተሰብ የዓመት ቀለብ ትመጣለች ወይም ትቀራለች ማለት ነው። ታዲያ «9 በመቶ» ተብሎ የተመለሰ ሰው፣ ጣቶቹ እንደማይታጠፉ ሌላ ሐኪም እየመሰከረለት፣ ዝም ብሎ ለከርሞ ያመልክት?

በዚህ ዓይነቱ ጉዳይ ይግባኙ «ተጎድቻለሁ፣ እዘኑልኝ» የሚል ልመና መሆን የለበትም። ቦርዱ ምን እንዳላየ መናገር አለበት። የትኛው ራጅ አልታየም? የትኛው የሐኪም ማስረጃ በመዝገቡ ውስጥ የለም? ሰውየው ይሠራው የነበረው ሥራ ምን ነበር፣ ያን ሥራ ዛሬ ለመሥራት የሚያቅተውስ ምንድን ነው? ጆንያ ተሸክሞ ለሚያድር ሰው የወገብ ነገር፣ በጽሕፈት ለሚተዳደር ሰው የቀኝ እጅ ነገር አንድ አይደለም። ይኸ ካልተጻፈ አዲስ አበባ የተቀመጠ ሰው ከየት ያውቀዋል?

በሕመም ከሥራ ስለሚወጣው የመንግሥት ሠራተኛም በአጭሩ። ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ በጤና ጉድለት ሲሰናበት አበሉ ዕድሜ ልኩን ይከተለዋል፤ ከ10 ዓመት በታች ያገለገለው አንድ ጊዜ ዳረጎት ተቀብሎ ይሸኛል። ስለዚህ እምቢታው የመጣው «9 ዓመት ከምናምን ነው ያገለገልከው» ተብሎ ከሆነ ነገሩ የሐኪም አይደለም፣ የአገልግሎት ማስረጃ ነው። የፊተኛው መሥሪያ ቤት የቅጥር ደብዳቤ፣ የዝውውር ደብዳቤ፣ የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር ይፈለግ። ዳግም ምርመራ ብሎ ሆስፒታል መንከራተት ከንቱ ድካም ነው።

እንግዲህ አዲስ ማመልከቻ የሚያስፈልግበትን ጊዜ አንክድም። ሕመሙ ከውሳኔው በኋላ የባሰበት ሰው አለ። ያኔ ይንቀሳቀስ የነበረ እግር ዛሬ ደርቆ ይሆናል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ራሱ የጉዳቱ መጠን የባሰ ወይም የቀነሰ እንደሆነ፣ ወይም ምርመራው የተሳሳተ እንደነበር ሲታወቅ እንደገና ሊታይ እንደሚችል ይደነግጋል። በዚህ ጊዜ ዳግም ምርመራ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ የትናንቱ ውሳኔ ለትናንቱ አካል ትክክል ሊሆን ይችላልና። እንዲሁም «ማስረጃ አልተሟላም» ተብሎ ብቻ የተመለሰ ሰው የጎደለውን አሟልቶ ቢያስገባ ይሻለዋል። ባልጎደለ ነገር ግን «ጎድሏል» ከተባለ ያው ይግባኝ ነው። ሁለቱን ባንድ ጊዜ ማስኬድም ይቻላል፤ በባሰው ላይ ዳግም ምርመራ መጠየቅ በፊተኛው ውሳኔ ላይ ይግባኝ ማለትን አይከለክልም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያንገበግበን የመፈልፈያ ቤት ሠራተኞች ነገር ነው። ሩዝ በሜዳችን ከተስፋፋ ወዲህ ወረታ የመፈልፈያ ከተማ ሆናለች፤ ብዙ እንጀራም ወጥቶበታል። ነገር ግን ቺንጋው እጁን የነጠቀው ልጅ ሄዶ ሲጠይቅ «በመዝገብ የለህም፣ መዋጮ አልተከፈለልህም» ይባላል። ይኸን ጊዜ ይግባኝም አዲስ ማመልከቻም ብቻውን አያድነውም፤ በር ተሳስቷል። የሚጠየቀው አሠሪው ነው። በሕጉ የሥራ ውል የግድ በጽሑፍ ካልሆነ ተብሎ ሠራተኛው መብቱን አያጣም። በኩንታል ሂሳብ ሲከፈለው የነበረም ቢሆን፣ በዚያ ቤት ይሠራ እንደነበር አብረውት ጆንያ የተሸከሙ ሰዎች ይመሰክሩለታል። በጡረታ ዋስትና ላልታቀፈና ሙሉ በሙሉ ከሥራ ውጭ ለሆነ ሠራተኛ አሠሪው የ5 ዓመት ደመወዙን እንዲከፍል አዋጁ ያዛል፤ በከፊል ለተጎዳውም እንደ ጉዳቱ መጠን። አሠሪዎቻችን «ለሕክምናው ሰጥቼዋለሁ፣ ለበዓልም በግ ገዝቼለታለሁ» ሲሉ እንሰማለን። እግዜር ይስጥልን፣ በጉ ግን ካሳ አይደለም።

ሌላም የምንቃወመው አለ፤ የቃል እምቢታ። «አይሆንም አባቴ፣ ይህ ጉዳይ አያስኬድም፣ ይሂዱ» ተብሎ ከመስኮት የተመለሰ ሰው በእጁ ምንም የለም። በአየር ላይ በቀረ ቃል ይግባኝ አይባልም። በፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 መሠረት የፌዴራል መሥሪያ ቤት ውሳኔውን ከነምክንያቱ በጽሑፍ መስጠት አለበት። ስለዚህ «በጽሑፍ ይሰጠኝ» ማለት ነገረኛነት አይደለም። ማመልከቻም ሲገባ መዝገብ ቤት ቁጥርና ቀን ይጻፍበት፤ ቅጂው በእጅ ይቅር። ያለ ቅጂ ዋናውን የሐኪም ማስረጃ አሳልፎ የሚሰጥ ሰው ብቸኛ በሬውን ለማያውቀው ሰው እንደሚያውስ ነው።

«እንደ አዲስ አመልክት» የሚሉን እነማን ናቸው ብለን በርዕሳችን ጠይቀናል። አንዳንዱ ፈሪ ዘመድ ነው፣ አንፈርድበትም። አንዳንዱ ጉዳዩ ከጠረጴዛው እንዲነሳለት የፈለገ ሠራተኛ ነው። አንዳንዱ ግን በማመልከቻ የሚነግድ ነው፤ አንድ ይግባኝ አንድ ጊዜ ይጻፋል፣ አዲስ ማመልከቻ ግን በየዓመቱ ይጻፋል፣ በየዓመቱም ይከፈልበታል። ሥራቸውን በትክክል የሚሠሩ ጸሐፊዎች እንዳሉ እናውቃለን፤ እነርሱ ደብዳቤውን ሲያዩ መጀመሪያ የሚጠይቁት «መቼ ደረሰህ?» ብለው ነው። በዚህ ለዩዋቸው።

ነገሩ የእኛ አገር ብቻም አይደለም። በአሜሪካ የአካል ጉዳት አበል የሚጠይቁ ሰዎች ብዙዎቹ በመጀመሪያው ዙር ይከለከላሉ። እምቢታው ከደረሳቸው በ60 ቀን ውስጥ ይግባኝ ካላሉና እንደ አዲስ ካመለከቱ፣ የመጀመሪያውን ማመልከቻ ቀንና ከዚያ የሚቆጠረውን ውዝፍ ሊያጡ ይችላሉ። ልጆቻችን እዚያ ስላሉ ይኸም ይጠቅማቸዋል። በእንግሊዝ ደግሞ በቅርብ ዓመታት በአካል ጉዳት አበል ጉዳይ ጉባኤ ፊት ቀርቦ ከታየው ይግባኝ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ለአመልካቹ ተወስኗል። እምቢ ያለው መሥሪያ ቤት የሚሳሳት መሆኑን ከዚህ በላይ ምን ያስረዳል?

«አዲስ አበባ ሩቅ ነው» የሚለውን ግን በቀላሉ አናልፈውም። እውነት ነው። ከወረታ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የመኪናው፣ የአልጋው፣ የምግቡ ወጪ አለ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን በተነሳው ግጭት መንገዱ በየጊዜው ሲዘጋ ኖሯል። በክራንች የሚሄድን ሰው «ተነስና ሂድ» ማለት የሚቀለው ለተናጋሪው ብቻ ነው። ነገር ግን ርቀቱ የይግባኙን ትክክለኛነት አይቀንሰውም፤ የሚያሳየው አንድ ሰው ብቻውን ሊሸከመው እንደማይገባ ነው። የሩዝ አረም ሲመጣ ወንፈል እንጠራለን፤ አንዱ ብቻውን ከገባ ማሳው በአረም ይዋጣልና። ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ሲያጥለቀልቁት ከብቱን ማን ያወጣል? ሁሉም ነው። ለይግባኝስ ወንፈል የማይጠራው ለምንድን ነው? ለአንድ ሰው ውክልና ተሰጥቶ የሁለትና የሦስት ሰው ጉዳይ ይዞ ቢሄድ ወጪው ይከፋፈላል። ዕድሮቻችን ለሞተ ሰው ድንኳን ለመትከል የሚፈጥኑትን ያህል፣ በሕይወት ላለው አባላቸው የመኪና ቢያዋጡ መተዳደሪያ ደንባቸውን አሻሽለው ሊገቡበት የሚችሉበት ነገር ነው። በመጪው ጠቅላላ ስብሰባ ይኸን እናነሳለን፤ የሚቃወም ካለ ምክንያቱን ይዞ ይምጣ።

እስከዚያው ድረስ ከዚህ በፊት እምቢታ የደረሳችሁ ሁሉ ደብዳቤውን ከነፖስታው፣ የሐኪም ቦርድ ውጤቱን፣ የቅጥርና የደመወዝ ማስረጃችሁን፣ ያስገባችሁትንም ማመልከቻ ቅጂ ይዛችሁ ወደ ማህበሩ ጽሕፈት ቤት ኑ። መራመድ የማይችል ሰው ካለ ጎረቤቱ ይንገረን፤ ቤቱ ድረስ እንመጣለን። ደብዳቤው የደረሰበት ቀን ያልተጻፈበት ከሆነ የደረሳችሁን ዕለት ዛሬውኑ በጀርባው ላይ ጻፉበት፣ ሲደርሳችሁ ያየውን ሰው ስምም አብራችሁ አስፍሩ።