ኩሉ ከምን ተሠራ?

ሰርግ ላይ ሙሽራዋን ኩሏን ማን እንደኳላት የሚጠይቀውን ዘፈን የማያውቅ የለም። ዘፈኑ የሚያወድሰው የኳለውን እጅ ነው። ኩሉ ራሱ ከምን እንደተሠራ ግን ዘፋኙም፣ ሚዜውም፣ የሙሽራዋ እናትም ጠይቀው አያውቁም። ኩል ኩል ነዋ! ጥቁር ነው፣ ያምራል፣ የአያት የቅድመ አያት ነው፤ ሌላ ምን ይጠየቃል?

ይጠየቃል። በተለይ ሐይቅና አምባሰልን በመሰለ፣ ኩሉ ከሙሽራዋ አልፎ የጨቅላ ሕፃን ዓይን ውስጥ በሚገባበት አገር ይጠየቃል።

በገበያ ቀን ሐይቅ ላይ ከቅመም ሻጮቹ ተርታ ጎራ ያለ ሰው ነገሩን በዓይኑ ያየዋል። ከጥቁር አዝሙዱ፣ ከዕጣኑና ከከርቤው ጎን በትንንሽ ብልቃጥና በላስቲክ የተቋጠረ ጥቁር ዱቄት አለ። አንዳንዴም ያልተወቀጠው ድንጋይ አብሮ ይቀመጣል፤ ሲሰበር እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ፣ በእጅ ሲይዙት ከመጠኑ በላይ የሚከብድ። ገዢዋ ልጅ ያዘለች እናት ከሆነች ንግግሩ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው።

«እማማ፣ ለልጅ ይሆናል?»

«ይሆናል እንጂ የኔ ልጅ! ዓይኑን ያጠራለታል። ይቺ እኮ የመካ ናት።»

ሁለተኛዋ ሻጭ ዘንድ ያው ዱቄት የአፋር ይሆናል፣ ሦስተኛዋ ዘንድ ከጅቡቲ የመጣ። ማንም አልዋሸም። እያንዳንዷ ያቀበላት ሰው የነገራትን ነው የምትናገረው። እሱም የሰማውን ነው የነገራት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። የወሎ ሴት ውበቷን የምትጠብቅበት ጥበብ መሳለቂያ አይደለም። አምባሰል ለኢትዮጵያ ሙዚቃ ከአራቱ ቅኝቶች የአንዱን ስም የሰጠ አገር ነው፤ ዓይንና ቅንድብ ሳይነሳ የሚያልቅ የወሎ ዘፈን ማግኘት ይከብዳል። የወይባ ጢሱ፣ የፀጉር ቅቤው፣ እንሶስላው፣ ኩሉ፣ ሁሉም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ልዩነቱ ወይባ ዛፍ ነው፣ ቅቤ ከላም ነው፣ እንሶስላ ተክል ነው። ኩል ግን ድንጋይ ነው። ድንጋይ ደግሞ ቢያረጅም፣ ቢወቀጥም፣ በጨርቅ ቢነፋም ጠባዩን አይለውጥም።

ችግሩ የሚጀምረው ከስሙ ነው። «የኩል ድንጋይ» በሚል አንድ ስም ሁለት የተለያዩ ማዕድናት ይሸጣሉ። አንዱ የአንቲሞኒ ድንጋይ ነው፤ በጥንት የዓረብ ሐኪሞች መጻሕፍት «ኢስሚድ» እየተባለ የሚወደሰው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው ይባላል። ሌላው ጋሌና ነው፤ የእርሳስ ማዕድን። (እርሳስ ሲባል የደብተሩ አይደለም፣ የጥይቱ ነው። የደብተሩ እርሳስ ውስጥ እርሳስ የለም።) ሁለቱም ግራጫ ናቸው፣ ሁለቱም ያብለጨልጫሉ፣ ሁለቱም ሲወቀጡ ጥቁር ዱቄት ይወጣቸዋል። በመካከለኛው ምሥራቅና በደቡብ እስያ ገበያዎች የተሰበሰበ ኩል በላቦራቶሪ ሲመረመር «ኢስሚድ» ተብሎ የሚሸጠው ብዙው ጋሌና ሆኖ ተገኝቷል።

አንድ ስም ሁለት ይዘት ሲኖረው ምን እንደሚያመጣ የአምባሰል ሰው ሊነገረው አይገባም። ውጫሌ እዚያው ናት። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛ «ይችላሉ»፣ በጣሊያንኛ «ግዴታ አለባቸው» የሚል ሆኖ ተገኘ፤ መዘዙም እስከ አድዋ ወሰደ። ብልቃጡ ላይ ያለው ስም አንድ መሆኑ ውስጡ ያለው አንድ ለመሆኑ ማስረጃ አይደለም።

ጋሌና ከሆነ ነገሩ ከባድ ነው። ንጹሕ ጋሌና ከክብደቱ 86 በመቶ ያህሉ እርሳስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለእርሳስ «እስከዚህ ድረስ ጉዳት የለውም» የሚባል የታወቀ መጠን የለም ይላል። ትንሽ ልጅ ከሚውጠው እርሳስ ወደ ሰውነቱ የሚገባው ከአዋቂው 4 እና 5 እጥፍ ይደርሳል፤ ብረትና ካልሲየም ያነሰው ልጅ ደግሞ ከዚያም በላይ ይወስዳል። ጉዳቱ አእምሮ ላይ ነው። ልጁ አይታመምም፣ አያተኩስም፣ አያስቀምጠውም። ሲያድግ ትምህርት ይከብደዋል፣ ትኩረቱ ይበተናል፤ ቤተሰቡም «ልጁ ደካማ ነው» ብሎ ይተወዋል። ከዓይኑ የታጠበው ኩል በዚያኛው ጫፍ እንዳለ ማን ያስባል?

«ዓይን ላይ የተቀባ እንዴት ደም ውስጥ ይገባል?» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ሕፃን ዓይኑን ያሻል፣ ያንኑ እጁን ይጠባል። እንባ ደግሞ በዓይን ጥግ ባለች ቀጭን ቱቦ ወደ አፍንጫ ወርዶ ጉሮሮ ይደርሳል። ዓይኑን ጠብታ መድኃኒት ተደርጎለት ምሬቱን ጉሮሮው ላይ የቀመሰ ሁሉ መንገዱን ያውቀዋል።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ስጋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 አሜሪካ ቦስተን ውስጥ የአንድ የ6 ወር ሕፃን ደም ሲመረመር በአንድ ዴሲሊትር 13 ማይክሮግራም እርሳስ ተገኘበት። ዛሬ የአገሪቱ የጤና ባለሥልጣናት ክትትል ያስፈልገዋል የሚሉት ከ3.5 ጀምሮ ነው። ቤቱ ተፈተሸ፤ ምንጩ ከናይጄሪያ የመጣ «ቲሮ» የሚባል ኩል ሆነ። ዱቄቱ ሲመረመር 82.6 በመቶው እርሳስ ነበር። ወላጆቹ መጥፎ ወላጆች አልነበሩም። ልጃቸውን ያሳምሩ ነበር፤ ልክ ሐይቅ ላይ እንደሚደረገው። ቲሮው ሲቆም በልጁ ደም ያለው እርሳስ እየቀነሰ ሄደ። ቦስተን ያለው ልጅ ዕድለኛ የሆነው ደሙን የሚመረምር ስለነበረ ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ ሌላው ወገን ይነሳል፦ «ፈርዖኖች የተኳሉትን፣ ሺህ ዓመታት የቆየውን፣ ፈረንጅ ስላለ ልንተው ነው?» ይህ ክርክር ከላይ ሲያዩት ጥሩ ደጋፊ አለው። እ.ኤ.አ. በ2010 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በጥንታዊ ግብጻውያን ኩል ውስጥ የተገኙ የእርሳስ ጨዎችን አጥንተው፣ በጣም በትንሽ መጠን ሲሆኑ የቆዳ ሴሎች ተሕዋስያንን ለመከላከል የሚረዳ ንጥረ ነገር አብዝተው እንዲያመርቱ እንደሚያደርጉ አሳይተዋል። ዜናው ብዙ አገር ዞሯል። ነገር ግን እነዚያ ጨዎች ግብጻውያኑ በብልሃት ቀምመው የሠሯቸው ናቸው፤ ከገበያ ተገዝቶ በሙቀጫ የተወቀጠ ጋሌና አይደሉም። ጥናቱ ደግሞ ስለ ሴል ነው እንጂ ስለ ሕፃን አእምሮ አንድም ቃል አይናገርም። ዕድሜ ምስክር ነው ከተባለ ትራኮማም ፈርዖኖች ዘንድ ነበረ።

ትራኮማ ከተነሳ አይቀር፣ አማራ ክልል በዓለም ላይ በሽታው ከበረታባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። በሽታው የሚተላለፈው በዝንብ፣ በእጅና ፊት በሚጠረግበት ጨርቅ ነው። አንድ የኩል እንጨት ከእናት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ጎረቤት ልጅ ሲዞር መዋሉን ከዚህ ለይቶ ማየት ይቻላል? «ዓይን ያጠራል» የተባለው ነገር ዓይን ለማጥፋት ቅርብ ነው፤ ልትኳል ብላ ዓይኗን ስላጠፋችው ሴት የሚተረተው ያለ ነገር አልመጣም።

ቻይናዎች የራሳቸው ዱቄት አላቸው፤ የዕንቁ ዱቄት። ዛሬ በስልክ ላይ በተከፈቱ ሱቆች «የንግሥቶች ምስጢር» እየተባለ ለፊት ይተዋወቃል። ነገሩ እውነትም የቆየ ነው፤ ሊ ሺጀን የተባለው ሐኪም በ16ኛው ክፍለ ዘመን ባዘጋጀው ታላቅ የመድኃኒት መጽሐፍ ውስጥ ዕንቁ አለ፤ ያውም ለዓይንና ለቆዳ። ዕንቁ ሲፈጭ ግን ከ90 በመቶ በላይ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ የእንቁላል ቅርፊትና የኖራ ድንጋይ ከተሠሩበት ያው ነገር። የኪስ ጉዳት ካልሆነ በቀር ብዙም አይጎዳም፤ እንደሚባለው ተአምር መሥራቱም አልተረጋገጠም። ጉዳት የሚመጣው ስሙን ከተዋሱት ነው፤ «ዕንቁ» የሚል ስም ከለጠፉ የቆዳ ማንጫ ክሬሞች ውስጥ በምርመራ ሜርኩሪ የተገኘባቸው አሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 የሜርኩሪ ስምምነት አባል አገሮች ሜርኩሪ የተጨመረበት መዋቢያ ሁሉ በ2025 እንዲቆም የወሰኑት በዚህ ምክንያት ነው።

ከቻይናዎቹ መማር ያለበት ግን ሌላ ነገር አለ። ዕንቁ በመንግሥታቸው የመድኃኒት መዝገብ ውስጥ ከነመለያ ምርመራው ተጽፏል። አንድ ነጋዴ የቀርከሃ ዱቄት አምጥቶ «ዕንቁ ነው» ቢል የሚጋለጥበት ደንብ አለ። ኩል እንዲህ ያለ ወረቀት የለውም።

ይህን ለማድረግ የቻይና አስተማሪም አያስፈልግም ነበር። ዶ/ር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አየ። «የእናቶች ልማድ ነው» ብሎ አልናቀም፤ «የእናቶች ልማድ ነው» ብሎ አላመለከምም። ወደ ላቦራቶሪ ወሰደው። የቢልሃርዚያ ተሸካሚውን ቀንድ አውጣ የሚገድል ተክል በዚያ ተገኘ፤ እሱና ዶ/ር ለገሠ ወልደዮሐንስ በ1989 ዓለም አቀፍ ሽልማት ተጋሩበት። እንዶድ የተከበረው ስለተመረመረ ነው። ኩል ለምን ይህ ክብር ይነፈገዋል?

«በዚህ ጊዜ የኩል ወሬ!» የሚል አንባቢ ይኖራል፤ አይፈረድበትም። በ2014ቱ ጦርነት የደቡብ ወሎ ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ ከዚያ ወዲህም ክልሉ እፎይ አላለም። መድኃኒት የጠፋበት ጤና ጣቢያ ላይ ኩል ይመርመር ማለት ቅንጦት ይመስላል። ግን ሥራው እንደሚመስለው ትልቅ አይደለም። በእጅ የሚያዝ፣ ዱቄት ላይ ሲያነጣጥሩት በደቂቃዎች ውስጥ እርሳስ መኖር አለመኖሩን የሚናገር መሣሪያ አለ፤ የማዕድን ሰዎች በየቀኑ ይጠቀሙበታል። ከሐይቅ፣ ከውጫሌና ከደሴ ገበያ ሠላሳ አርባ ብልቃጥ ሰብስቦ መመርመር ለአንድ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፍ ሥራ ነው። መዋቢያ የሚቆጣጠረው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም የታሸገ ሎሽን ላይ የሚያሳርፈውን ዓይን ወደ ጉልቱ ዝቅ ማድረግ ይችላል።

ኩል ይታገድ ማለት ግን ከንቱ ድካም ነው። የታገደ ነገር ከገበያ ወደ ጓዳ ይገባል እንጂ አይጠፋም። ለአዋቂዎች ከጥላሸት የሚሠራ፣ እርሳስ የሌለበት ኩል በብዙ አገር አለ፤ ሙሽራዋ ያለ ኩል ትቅር ያለ የለም። ሕፃን ግን ሌላ ነው። ሕፃን ሲወለድ ጤና ጣቢያ ላይ የቴትራሳይክሊን ቅባት ዓይኑ ላይ ይደረግለታል፤ ከዚያ ወዲያ ዓይኑ የሚፈልገው ንጹሕ ውኃ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ለቤት ስትዞር ስለ ሽንት ቤቱና ስለ ክትባቱ ከጠየቀች በኋላ አንድ ጥያቄ ብትጨምር ምንም አያስወጣትም፦ «ልጁን ኩል ትኩይዋለሽ እንዴ እህቴ? ከማን ገዛሽው?»

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ተረስታ የቀረችው ሻጯ ናት። ገዢዋ በዓመት አንድ ብልቃጥ ትጨርሳለች። ሻጯ ግን ድንጋዩን ቤቷ ውስጥ ራሷ ትወቅጠዋለች፣ ትነፋዋለች፣ ብናኙን ትተነፍሳለች፣ በዚያው እጇ እንጀራ ትቆርሳለች። የልጅ ልጇም ከሙቀጫው ጎን መሬት ላይ ይጫወታል።