ሁለት እግር፣ ሁለት ዛፍ

ኳስ የሚወድ ልጅ ያለው ወላጅ አንድ ጥያቄ አይቀርለትም፤ «ልጅህ የት ነው የሚጫወተው?» ይባላል። «አጥቂ ነው» የሚል አባት ደረቱን ይነፋል። «በረኛ ነው» የምትል እናትም መልስ አላት። «አንዴ ተከላካይ፣ አንዴ ክንፍ፣ ሲቸግራቸው ደግሞ በረኛ ያደርጉታል» የሚል ወላጅ ግን ድምፁ ዝቅ ይላል። ልጁ ቦታ ያጣ፣ ለማሟያ የተያዘ ይመስለዋል።

ይህ ጥያቄ ሰሞኑን የእኔንም ቤት አንኳኳ። መቱ ከእኔ ጋር የሚኖረው የልጅ ልጄ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ስምንተኛ ክፍል ደርሷል። የሰፈሩ ቡድን አሠልጣኝ በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ቦታ አጫውቶታል። በደሌ የሚሠራው አባቱ ይህን ሲሰማ ደወለልኝ። «አባዬ፣ ቦታ እንኳ የሌለው ልጅ ምን ሊሆን ነው የሚሮጠው? ዘንድሮ ፈተና አለበት፤ ይተወው ይበሉት» አለኝ። ተረትም ጨመረልኝ፤ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም።»

ልጁ ሰምቶ ኖሯል። ማታ እራቱን ሳይጨርስ ቀና ብሎ፣ «አባባ፣ እኔ የምችለው ነገር የለም ማለት ነው?» አለኝ። ከኳሱም ከፈተናውም በላይ ያሳሰበኝ ይህ ነው። ልጅ ብዙ ነገር ስለሞከረ ብቻ «ምንም አልችልም» ብሎ ካመነ፣ ያንን እምነት ከልቡ ማውጣት ከባድ ነው። ስለዚህ የአንድ ሰው ታሪክ ነገርኩት። ለእናንተም ልንገራችሁ፤ ቤታችሁ እንዲህ ያለ ልጅ አይጠፋም።

ይድነቃቸው ተሰማ የተወለደው ከእኛ ብዙም ሳይርቅ ጅማ ነው፤ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም.፣ በዕለተ እንቁጣጣሽ። አባቱ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው፤ ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹት ዝነኛው ባለ ቅኔና አዝማሪ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ አራዳ ውስጥ ሲመሠረት ይድነቃቸው ገና የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበር። ያን ጊዜ የክለቡን ማልያ ለበሰ፤ ሳያወልቅም 23 ዓመት ተጫወተ። በ365 ጨዋታ 318 ግብ እንዳስቆጠረ ተመዝግቧል። ለብሔራዊ ቡድንም 15 ጊዜ ተሰልፏል።

ለብዙ ሰው ይህ ብቻ የዕድሜ ልክ ስም ይሆነዋል። እርሱ ግን ገና እየተጫወተ ሌላውን ሥራ ጀምሮ ነበር። ከጣሊያን ወረራ በኋላ የአገራችን ስፖርት በወግ ሲደራጅ ከመሥራቾቹ አንዱ ሆነ። በየካቲት 1949 ዓ.ም. ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ካርቱም ላይ ተሰብስበው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን ሲመሠርቱም ነበረበት። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም በማለቷ ከውድድሩ ቀረች። ይድነቃቸውም ከዚያ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ ከአፓርታይድ ጋር ተሟገተ።

ቀጥሎ አሠልጣኝ ሆነ። በ1954 ዓ.ም. ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ሲካሄድ ቡድናችንን የመራው እርሱ ነው። ጥር 13 ቀን በተደረገው የፍጻሜ ጨዋታ ግብፅ ሁለት ጊዜ መራች፤ የእኛ ልጆች ሁለት ጊዜ አቻ አደረጉ። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አከታትለው አገቡና 4 ለ 2 አለቀ። ዋንጫውን አምበሉ ሉችያኖ ቫሳሎ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ኢትዮጵያ ከዚያ ወዲህ ያን ዋንጫ አላነሳችም።

ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ፣ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. እስካረፈበት ዕለት ድረስ፣ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ነበር። እግሩ ሜዳ ላይ ሲሠራ የነበረውን፣ ጉልበቱ ሲደክም አንደበቱ በስብሰባ አዳራሽ ቀጠለው። አፍሪካ በዓለም ዋንጫ ላይ በቀጥታ የምትገባበት አንድም ቦታ አልነበራትም፤ በ1962 ዓ.ም. አንድ፣ በ1974 ዓ.ም. ሁለት ያገኘችው እንደ ይድነቃቸው ያሉ ሰዎች በያዙት ረጅም ሙግት ነው።

ታሪኩን ስጨርስ የልጅ ልጄ፣ «ታዲያ ይድነቃቸው ስንት ዛፍ ወጣ?» ብሎ ጠየቀኝ። መልሱ እዚያው ላይ ነው። ይድነቃቸው የወጣው አንድ ዛፍ ነው። ዛፉ ኳስ ነው፤ ተጫዋችነት፣ አሠልጣኝነትና መሪነት ቅርንጫፎቹ ናቸው። ተረቱ አልተሳሳተም። ሁለት ዛፍ አይወጣም። ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ መሸጋገር ግን ዛፍ መቀየር አይደለም።

በቅርቡም ምሳሌ አለን። አዳነ ግርማን ስንቶቻችሁ ታስታውሳላችሁ? ተከላካይ፣ አማካይ፣ አጥቂ፣ የተባለውን ሁሉ ተጫውቷል። ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ በተመለሰች ጊዜ፣ በረኛችን በቀይ ካርድ ወጥቶ በአሥር ሰው ስንጫወት፣ ዛምቢያ ላይ የአቻነቱን ግብ ያገባው እርሱ ነው። ቀኑም ጥር 13 ነበር፤ 2005 ዓ.ም.።

ልጆቻቸው አሜሪካ የሚኖሩ ጎረቤቶቼ ደግሞ የልጅ ልጆቻቸው ስለሚጫወቱት ሌላ ዓይነት ኳስ ያወሩኛል፤ በእጅ ይዘው ስለሚሮጡት። በዚያ ጨዋታ ከኋላ ተነሥቶ ኳስ ይዞ የሚሮጥ ተጫዋች አለ። ጎበዙ መሮጥ ብቻ አይበቃውም፤ ከሩቅ የተወረወረ ኳስ ይቀልባል፣ ለጓደኛውም በትከሻው መንገድ ይከፍታል። በሳን ፍራንሲስኮ ቡድን የነበረው ሮጀር ክሬግ እ.ኤ.አ. በ1985 በአንድ የውድድር ዘመን ከ1,000 ያርድ በላይ በሩጫ፣ ከ1,000 ያርድ በላይ ደግሞ ኳስ በመቀበል ሄደ። ከእርሱ በፊት ሁለቱንም በአንድ ዓመት ያደረገ አልነበረም።

እኛ ኢሉባቦሮች ግን ይህ ሊገርመን አይገባም። የሶርን ውሃ ጠጥቶ ያደገ ልጅ ቡና ለቅሞ፣ ኮረሪማ ሰብስቦ፣ ቀፎ ሰቅሎ፣ በቆሎውን ከዝንጀሮ ጠብቆ ነው የሚያድገው። «ቋሚ ሥራ የለውም» አንለውም። «ባለሙያ ልጅ» ነው የምንለው። ሜዳ ላይ ሲሆን ስለ ምን እናፍርበታለን?

ሆኖም የልጄ ሥጋት ከንቱ አይደለም። ልጅን እያዘዋወሩ ማስተማር አለ፤ ልጅን የጎደለ መሙያ ማድረግም አለ። ሁለቱን ለመለየት አሠልጣኙን ሄዶ መጠየቅ ነው። ለምን ቦታ እንደ ቀየረው ምክንያቱን ይናገራል ወይስ «ሰው ስላጣሁ ነው» ይላል? በአዲሱ ቦታ ምን እንዲያደርግ አሳይቶታል ወይስ ዝም ብሎ አስገባው? ልጁንም ጠይቁት፤ «ዛሬ ስንት አገባህ?» ሳይሆን «ዛሬ ምን አዲስ ነገር ተማርክ?» በሉት። መልስ ካለው እያደገ ነው። ሳምንት ከሳምንት መልስ ካጣ፣ ያን ጊዜ አሠልጣኙን አነጋግሩ።

እኔም አሠልጣኙን አገኘሁት። «አጥቂ ሆኖ የሚቸኩለው የተከላካዩን ዓይን ስለማያውቅ ነው፤ ከኋላ ሆኖ ጨዋታውን ይይ ብዬ ነው» አለኝ። ይህ መልስ ነው። ለልጄም ደወልኩና እንደ ሰማሁት ነገርኩት። ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ እስከ ሚያዝያ ረቡዕና ቅዳሜ ይለማመዳል፣ ከግንቦት ጀምሮ እስከ ፈተናው ቅዳሜ ብቻ፣ የሒሳብ ውጤቱ ከወረደ ደግሞ ያም ይቀራል ብለን ተስማማን። አባትየው አንድ ነገር ጠየቀ፤ አንድ ቅዳሜ መጥቶ ራሱ ሊያይ። ከስምምነቱ ሁሉ ልጁን ደስ ያሰኘው ይህ ነው። እስካሁን ማንም ከቤት ሄዶ ሲጫወት አይቶት አያውቅም ነበርና።